ቅንፍ ውስጥ የገባች ከተማ

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ቅንፍ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሒሳብ ሠራተኛነት ስላገለገልኩ ቅንፍ ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ በሒሳብ መግለጫ ላይ ቅንፍ ውስጥ የገባ ቁጥር የጎደለ ገንዘብ ነው፤ ሥራ አስኪያጅ ፊት ሲቀርብ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይነበባል። ይህን የማውቅ ሰው የተወለድኩባትን ከተማ ስም ቅንፍ ውስጥ ስከት ግን ምንም አልተሰማኝም። ወራት አልፈውታል፤ ዛሬም ሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ ያ ቅንፍ ትዝ ይለኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳማ ውስጥ ፍራንኮ አካባቢ ባለ አንድ ካፌ እንገናኛለን። ስድስት ነን፤ አንዳንዴ ሰባት። ለአማርኛው ዊኪፔዲያ እንጽፋለን፤ ሁለቱ ልጆች በአፋን ኦሮሞም ይጽፋሉ። ደመወዝ የለም፣ አበል የለም፤ ማኪያቶውን እንኳ በየተራ ነው የምንከፍለው። ባለቤቴ «ጡረታ የወጣኸው ልታርፍ መስሎኝ ነበር» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። የአማርኛው ዊኪፔዲያ መጣጥፎች 15 ሺህ ገደማ ናቸው፤ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን አልፏል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ በእኛ ቤት ሎሚው ሃምሳ ሆኖ ተሸካሚው ስድስት ነው።

ለአዲስ መጪ ሁሉ ሕጉን የማስረዳው እኔ ነበርኩ። ጽሑፉ ለማንም አይወግንም፤ አከራካሪ ነገር ሲነሣ ማን እንዳለው ይጠቀሳል እንጂ ዊኪፔዲያ ራሱ ፍርድ አይሰጥም፤ ሌላ ቦታ ያልታተመ ነገር ከራስ ኪስ አውጥቶ መጨመር አይቻልም። ይህን እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ። ጠረጴዛችን ላይ የፖለቲካ ወሬ እንዳይነሣ ደንብ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። «እዚህ ስንቀመጥ ፓርቲም ብሔርም እንደ ጫማ ደጅ ይወለቃል» እል ነበር። ይህን ስናገር ደረቴ ትንሽ ይነፋ እንደነበር አሁን ነው የሚታወቀኝ።

ማስፈራሪያ ታሪክም ነበረኝ፤ የክሮኤሽያኛው ዊኪፔዲያ ታሪክ። በዚያ ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ጥቂት አስተዳዳሪዎች ተባብረው የአገራቸውን ታሪክ ለዓመታት ወደ አክራሪ ብሔርተኝነት ሲያጣምሙ ኖሩ፤ የተቃወማቸውንም እያገዱ አስወጡ። ከዊኪፔዲያ ጀርባ ያለው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በ2021 ጉዳዩን የሚዘረዝር የግምገማ ሪፖርት አወጣ። «አያችሁ» እላለሁ ለልጆቹ፣ «ትንሽ ቋንቋ ላይ አምስት ሰው ከተስማማ ታሪክ ይገለበጣል።» የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

የባቡር ጣቢያው መጣጥፍ

በዚያ ሰሞን የምናዘጋጀው መጣጥፍ ስለ ከተማችን አሮጌ ባቡር ጣቢያ ነበር። ስለ አዲሱ አይደለም፤ አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደውና በ2016 የተመረቀው መስመር የራሱ ጣቢያ አለው፤ ስለ እሱ የሚጽፍ አይጠፋም። የእኛው ባቡሩ ከቆመበት ብዙ ዓመት የሆነው፣ ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የድሮው ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ጉዳዩ የግሌ ርስት ይመስለኛል። ስለዚህ የመክፈቻውን አንቀጽ ማንም ሳይጠይቀኝ ጻፍኩት። ከመለጠፋችን በፊት ሁላችንም በየስልካችንና በየኮምፒውተራችን ከፍተን በአንድ ጊዜ የምናርመው የጋራ ሰነድ አለን፤ እዚያ ላይ እንዲህ አልኩ፦

«ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ በናዝሬት (በዛሬዋ አዳማ) በኩል አልፏል።»

(ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በዚህ ጽሑፍ ከአንድ ቦታ በቀር ሁሉም እንደዚያው ናቸው። በየትኛው አቆጣጠር እንጻፍ በሚለውም አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተጨቃጭቀናል። ይህን በቅንፍ ባስቀምጠው የሚጎዳ ሰው የለም።)

ዓረፍተ ነገሩን ወደድኩት። ዓመት አለው፤ መነሻና መድረሻ አለው፤ ሁለቱም ስሞች አሉበት። ማንም ቅር አይለውም ብዬ ማኪያቶዬን አነሣሁ።

ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የቡድናችን ታናሽ። አፏን በአፋን ኦሮሞ የፈታች ስትሆን አማርኛዋ ከእኔ የተሻለ ነው፤ የእኔን «ነውና» እና «ስለሆነም» እየለቀመች ታወጣለች። ስልኬ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «በአዳማ (በኋላ ናዝሬት በተባለችው) በኩል አልፏል» ሆነ። አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም፤ ወደ ነበረበት መለስኩት። እሷም መለሰችው። መለስኩት። መለሰችው። ከስልካችን ቀና ሳንል፣ ሁለት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ቃል ሳይወጣን እንደ ቴኒስ ኳስ አንድ ቅንፍ ስንቀባበል ሌሎቹ ዝም ብለው ያዩን ነበር።

«ጋሼ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «አራተኛዎ ነው።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌሎችን ለውጥ ከሻረ ይታገዳል። ለእሷ ይህን ሕግ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ በዚያው ካፌ፣ በዚያው ወንበር፣ ጣቴን እየቆጠርኩ።

ተናደድኩ። ሰው ልክ ሲነገረው የሚናደደውን ንዴት። «እኔ የጻፍኩት ታሪክ ነው» አልኩ፣ «ያኔ የነበረውን ስም ነው ያስቀደምኩት። የዛሬውን በቅንፍ ጨምሬያለሁ። ከዚህ በላይ ሚዛናዊነት ከየት ይምጣ?»

«ያኔ ማለት በ1917?»

«አዎ፣ በ1917።»

«ናዝሬት የሚለውን ስም ያወጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አይደሉም እንዴ? በ1917 መች ነገሡና ነው?»

ዝም አልኩ። ውጪ ባጃጆች ይጮኻሉ፤ ያ የተለመደው የአዳማ ነፋስ የካፌውን መጋረጃ ያርገበግበዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑት በ1930 መሆኑን የማያውቅ ሰው አይደለሁም። በ1917 ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ነበሩ። ሐዲዱ ሲያልፍ የነበረችው አዳማ ናት። ሁለቱንም ነገር ለየብቻ አውቃቸው ነበር፤ አንድ ላይ ግን አስቀምጫቸው አላውቅም።

አንድ ጥያቄ ያልጠየቅኩት ዓረፍተ ነገር

ያንን ማታ እንቅልፍ የነሣኝ መሳሳቴ አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛ ሲሳሳት ኖሮ ነው ጡረታ የሚወጣው። የነሣኝ አለመጠርጠሬ ነው። አንድ ሰው «በከተማችን ትልቁ ሆቴል» ብሎ ቢጽፍ ከየት አመጣኸው እለዋለሁ። «ታዋቂው ነጋዴ» ቢል «ታዋቂው» የሚለውን እሰርዛለሁ። በሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቅጽል ሲሸሸግ እንደ ድመት አሸትታለሁ። ናዝሬት የሚለውን ቃል ስጽፍ ግን አንድ ነገር እየተናገርኩ መሆኔን እንኳ አላወቅኩም ነበር። ለእኔ ያ አስተያየት አይደለም፤ የትውልድ ቦታዬ ስም ነው። የልደት ካርዴ ላይ ያለ ነው፤ አባቴ ደመወዝ የፈረመበት ወረቀት ላይ ያለ ነው። አዳማ ደግሞ በኋላ የመጣ፣ ማብራሪያ የሚያስፈልገው፣ ስለዚህም ቅንፍ የሚገባው።

የራስ ቤት ሽታ ለባለቤቱ አይሸትም። ለእሷ የሚሸተው ስለ ከፋች አልነበረም፤ ሌላ ቤት ስላደገች ነው። የእሷም ቤት ሽታ አለው፤ እሱ ደግሞ ለእኔ ይሸተኛል። «በኋላ ናዝሬት በተባለችው» ስትል «ለጊዜው እንግዳ የነበረ ስም» የሚል ድምፅ ነበረበት፤ እኔና እኩዮቼ በዚያ እንግዳ ስም ተወልደን፣ ተምረን፣ ተድረንበታል። ይህንንም ሳልነግራት አልቀረሁም፤ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከበረድኩ በኋላ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። የከተማን ስም የሚያወጣው ግን መልአክ አይደለም። አዳማ የሚለውን ቃል ብዙዎች በአፋን ኦሮሞ ከቁልቋል ዛፍ ስም ጋር ያያይዙታል፤ ናዝሬት ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው። በ2000 አዳማ የሚለው እንደገና ይፋዊ ስም ሆነ። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ ባቱ የሆኑትም እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ ስትመጡ የመናኸሪያው ረዳት «ናዝሬት! ናዝሬት!» ይላል፤ ጎኑ ያለው «አዳማ! አዳማ!» ይላል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሂሳብ ያስከፍላሉ። ወንበር ለመሙላት ሁለቱም ይጠቅማሉ። ለመጣጥፍ ግን አንደኛውን ማስቀደም ግድ ነው፤ ሁለት ቃል በአንድ ጊዜ የሚጻፍበት ፊደል አልተፈጠረም።

በንጋታው መፍትሔ ያገኘሁ መሰለኝ። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ፈቃደኞች በዛሬዋ ፖላንድ ስላለችው የግዳንስክ ከተማ እንዲሁ ተጋጭተው ነበር፤ ጀርመኖች ዳንዚግ የሚሏት ከተማ ናት። ብዙ ከተላለቁ በኋላ በ2005 ድምፅ ሰጡ፤ ከ1308 እስከ 1945 ስላለው ጊዜ ሲጻፍ ዳንዚግ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ግዳንስክ እንዲባል ተወሰነ። ለሒሳብ ሰው ከዚህ የሚጥም ነገር የለም፤ መክፈቻ ቀን አለው፣ መዝጊያ ቀን አለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እየተፍለቀለቅኩ አቀረብኩት። ከንጉሡ በፊት አዳማ፣ ከዚያ እስከ 2000 ናዝሬት፣ ከዚያ ወዲህ አዳማ። «አየሽ» አልኳት፣ «አንቺም አልተሸነፍሽ፣ እኔም አልተሸነፍኩ።»

እሷ ግን አልተፍለቀለቀችም። «ጋሼ፣ ይሄ የመንግሥት ወረቀት ምን እንዳለ ነው የሚነግረን» አለች። «በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አዳማ ሲሏት የኖሩት ሰዎችስ የት ይግቡ?»

ትኬት መቁረጫውና እናትየው

አጠገባችን ባለው ጠረጴዛ አንድ አዛውንት ይቀመጣሉ። የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነበሩ፤ እኛ የምንጽፈውን የባቡር ነገር ሁሉ ከእሳቸው ነው የምንጠይቀው፣ ከዚያ የታተመ ምንጭ እንፈልግለታለን። ሻይ በሎሚ ይጠጣሉ፤ የሰሙ የማይመስሉ ሆነው ሁሉን ይሰማሉ። ዞር አልኩና «አባባ፣ እርስዎ በሥራ ዘመንዎ ከተማዋን ማን ነበር የሚሏት?» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር የጠየቅኳቸው እንዲደግፉኝ ነው። የአባቴ ጓደኛ ሌላ ምን ይላሉ?

«ትኬት ስቆርጥ ናዝሬት» አሉ፣ ብርጭቆአቸውን እያስቀመጡ። «እናቴ ዘንድ ስሄድ አዳማ። ምኑ ነው የሚያጣላችሁ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ጥሩ ንግግር ነበርና። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ነገር ውስጤ ቀረ። ትኬቱ ታትሟል። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ አንዱ ጋር ሳጥን ውስጥ ዛሬም ሊኖር ይችላል። እናትየዋ ያሉት ግን በአየር ላይ ነው የቀረው። በእኛ ሕግ መሠረት የሚቆጠረው ትኬቱ ነው። ማንም ክፉ ሰው አላሰበውም፤ ሕጉ ራሱ የተሠራው ውሸታም እንዳይገባ ነው፤ ደግሞም ይሠራል። እኔ ራሴ ስንቱን የፈጠራ ታሪክ በዚህ ሕግ አስወጥቻለሁ! ሆኖም ምንጭ የሚመዝን ሚዛን የሚመዝነው የጽሕፈት መኪና የነበረውን ወገን ነው። በእኛ አገር ደግሞ የጽሕፈት መኪናው በየትኛው ቢሮ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደነበረ ማስረዳት የሚያስፈልገው አንባቢ የለኝም።

ስለዚህ ወገንተኛ ያልሆነ እጅ፣ ወገንተኛ ያልሆነ ሕግ ይዞ፣ ያለ ምንም ክፋት ሚዛኑ ያጋደለ መጣጥፍ ሊጽፍ ይችላል። ይህን ከመጽሐፍ ባነበው «ልክ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ከአንድ የሎሚ ሻይ ብርጭቆ ጀርባ ሲመጣ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ገለል በል

ከዚያ ወዲህ ገለልተኛ የሚለው ቃል ራሱ ይከነክነኝ ጀመር። ከ«ገለል አለ» የመጣ ነው። መንገድ ላይ መኪና ሲመጣ ልጅን «ገለል በል!» እንላለን። ገለልተኛ ቦታ ስንል ከሰው የራቀ፣ ጭር ያለ ማለታችን ነው። በቋንቋችን ውስጥ አለመወገን ማለት ከመንገድ መውጣት ነው እንግዲህ፤ ጥግ ይዞ መቆም ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የገባኝ፤ ነገሩ ሲመጣ ዞር ማለት፣ ሁለቱንም ስም ጽፎ መሸሽ።

ሽማግሌ የሚሠራው ግን እንደዚያ አይደለም። አባቴ የሠፈር ሽማግሌ ነበር፤ በልጅነቴ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። ገለል አይልም፤ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። አንደኛው ሲናገር ሌላውን ዝም ያሰኛል። ከዚያ የማልረሳው ነገር፣ ባልየው የተናገረውን ለሚስቲቱ ራሱ ደግሞ ይነግራታል፤ ባልየውን ዞር ብሎ «እንዲህ ነው ያልከው?» ይለዋል። ባልየው «አይደለም፣ እንዲህ ነው» ካለ እንደገና ይጀምራል። ባልየው «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» ሳይል ነገሩ አንድ ስንዝር አይራመድም። ቀጥሎ የሚስቲቱ ተራ ይሆናል። አንዳንዴ ከሰዓቱ አልፎ ራታችን ይቀዘቅዝ ነበር፤ እናቴ ታጉረመርማለች።

የእኔን ዓረፍተ ነገር ለዚያች ተማሪ ባነብላት «አዎ፣ የእኔን ነገር ነው ያልከው» ትል ነበር? አትልም። የእሷን ለእኔ ብታነብልኝስ? እኔም አልልም። ሁለታችንም ሁለቱንም ስም ጽፈን ነበር፤ ሁለታችንም የሌላውን አላልንም።

ይህ ንጽጽር ሁሉ ቦታ አይሠራም፤ አውቃለሁ። ሽማግሌ የሚያስታርቀው በአንድ ደብር፣ በአንድ ዕድር ያሉ ሰዎችን ነው፤ ነገ ይገናኛሉ። ዊኪፔዲያ ላይ የሚጽፈው ሰው ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ምናልባትም አሥራ አራት ዓመቱ ነው። የሐሰት ነገር ይዞ ለመጣም «አንተስ ምን ትላለህ?» እየተባለ እኩል ወንበር አይሰጠውም። ምድር ክብ አይደለችም ለሚል ሰው ራት ማቀዝቀዝ አልፈልግም።

ዝም ያልኩበት ቀን

ይህን ካልኩ የማልፈልገውን ነገር መናገር አለብኝ። ገለልተኛነት በሚል ስም የሸሸሁበት ሌላ ቀን አለ፤ ከቅንፉ በፊት የሆነ ነው።

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ የመጣውን ሁሉ ታስታውሳላችሁ፤ አልዘረዝረውም። ያኔ አራት ነበርን። ኢንተርኔቱ ሲመለስ አንደኛው፣ የቡድናችን ብርቱ ጸሐፊ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ በቡድናችን ስም እንድናወጣው። ስለ መንግሥትም ስለ ተቃዋሚም አያወራም። የሚለው፣ ዕውቀት በነፃ የሚሰበስቡ ሰዎች መንገዱ ሲዘጋ ዝም ሊሉ አይገባም ነው። ማስረጃም ነበረው። የኢጣሊያንኛው ዊኪፔዲያ ፈቃደኞች በኦክቶበር 2011 አንድ የሕግ ረቂቅ ሥራችንን ያሰናክላል ብለው ገጾቻቸውን ለቀናት ሰወሩ። የእንግሊዝኛው ደግሞ በጃንዋሪ 18 ቀን 2012 የአሜሪካ ምክር ቤት የያዛቸውን ሁለት የሕግ ረቂቆች በመቃወም ለ24 ሰዓት ጨለመ፤ ረቂቆቹም ከዚያ በኋላ ተንጠልጥለው ቀሩ። «ጽሑፋቸው አልወገነም» አለ ልጁ፣ «እነሱ ግን ጽሑፉ የሚቆምበትን መሬት ተከላከሉ።»

ጥሩ ክርክር ነው። ዛሬም ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም። እኔ ግን «እኛ ገለልተኛ ነን፤ መግለጫ ማውጣት የፖለቲከኛ ሥራ ነው» ብዬ ተቃወምኩ። ቃሉን እንደ ጋሻ ከፊቴ አቆምኩት። በዕድሜ ትልቁ እኔ ስለነበርኩ ሌሎቹም ከእኔ ጋር ሆኑ።

ሌላ ምክንያት አልነበረኝም ማለቴ አይደለም። በዚያ ሰሞን ሰው ሞቷል፣ ንብረት ተቃጥሏል፤ የምናውቃቸው ሰዎች ቤት ለቅሶ ተቀምጠናል። መንግሥት ኢንተርኔቱን የዘጋሁት ሁከት እንዳይባባስ ነው ይል ነበር፤ ይህን ያመኑም ያላመኑም ጎረቤቶች አሉን። በዚያ መካከል አራት ሰው ተነሥቶ ስለ ኢንተርኔት ቢጽፍ ሐዘንተኛው ምን ይላል? ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ተቀምጠን ልናወራው እንችል ነበር። እኔ ግን ይህን አላነሣሁም። ያነሣሁት ገለልተኛነትን ነው፤ ምክንያቱም ገለልተኛነት ሲነሣ ውይይት ያቆማል። ከሥሩ የነበረው ግን ፍርሃት ነው። ልጆች አሉኝ፤ ጡረታዬ ትንሽ ናት፤ ስሜ ወረቀት ላይ እንዲወጣ አልፈለግኩም። «ፈራሁ» ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር፤ ሁላችንም ፈርተን ነበር። ልጁም ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ይከት ነበር፤ ምናልባትም ማኪያቶ ያዝልኝ ነበር። እኔ ግን ፍርሃቴን መርሕ አድርጌ አቀረብኩለት፤ የእሱን ድፍረት ደግሞ ጥፋት።

ከዚያ በኋላ አልመጣም። ስደውል ያነሣል፤ ትሑት ነው፤ «ሥራ በዛብኝ፣ ጋሼ» ይለኛል። ስለ አዋሽ ወንዝ የጀመረው መጣጥፍ እስከ ዛሬ ግማሽ ላይ ቆሟል፤ ሌላ ሰው እንዲጨርሰው አልፈቀድኩም። ለምን እንዳልፈቀድኩ ለራሴም ግልጽ አይደለም።

አሁን ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? ደብዳቤውን እፈርም እንደሆነ አላውቅም። ግን ስለ መንገዱ መናገርና ማን ይንዳ ብሎ መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አምናለሁ፤ የመጀመሪያውን ለመከልከል የሁለተኛውን ስም መጠቀም ማጭበርበር ነው። በሒሳብ ቋንቋ አንዱን ወጪ በሌላ አርዕስት መመዝገብ ነው። ለዚያ ሰው ከሥራ ሲባረር አይቻለሁ።

ረጅሙ ዓረፍተ ነገር

ወደ ጣቢያችን ልመለስ። አራት ቅዳሜ ፈጅቶብን የሚከተለው ወጣ፦

«ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በመንግሥት ናዝሬት ተብላ ከ2000 ወዲህ በይፋ አዳማ ወደሚለው ስሟ በተመለሰችው፣ በመካከሉም ነዋሪዎቿ በሁለቱም ስሞች ሲጠሯት በኖሩት ከተማ በኩል አልፏል።»

አስቀያሚ ዓረፍተ ነገር ነው። የአማርኛ መምህሬ በሕይወት ቢኖሩ በቀይ እስክሪብቶ ይወጉት ነበር። «ተመለሰች» በሚለው ቃል ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ተሟግተናል፤ እኔ «ተለወጠች» ነበር የምለው፤ ሰነዱ ሲታይ ግን እሷ ልክ ነበረች። «ነዋሪዎቿ በሁለቱም ስሞች» የሚለውን ያስገባነው ለእኔም ለእሷም ብለን ነው። ቅንፍ የለውም። ሁለታችንም አንብበን «አዎ፣ የእኔንም ብለሻል»፣ «የእኔንም ብለዋል» ተባባልን። አዛውንቱም ተነበበላቸው፤ «ረዘመ» አሉ፣ ሌላ አስተያየት አልነበራቸውም።

ለጠፍነው። ለሁለት ወር ማንም አልነካውም።

ባለፈው ረቡዕ ማታ ስከፍተው ዓረፍተ ነገሩ አጥሯል። ስሙን የማላውቀው አንድ ሰው «በመካከሉም ነዋሪዎቿ በሁለቱም ስሞች ሲጠሯት በኖሩት» የሚለውን ብቻ ነቅሎ አውጥቶታል። ሌላውን አልነካም። ምክንያቱን በሁለት ቃል ጽፏል፦ «ምንጭ የለውም።»

ልክ ነው። ምንጭ አልነበረውም። የነበረው አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው።

ስልኬ ጠራ። «ጋሼ፣ አዩት?»

«አየሁት።»

«ይመልሱታል?»

«ሕጉ ከሰውዬው ጋር ነው።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አለችና ጥቂት ዝም አለች። «ይመልሱታል ወይ ነው የጠየቅኩዎት።»

እስከ ቅዳሜ ታገሺኝ አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ወደ አዛውንቱ ቤት ሄድኩ። አሮጌ ወረቀቶቻቸውን አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋል፤ የሥራ መታወቂያ፣ የደመወዝ ደረሰኝ፣ ከሐዲዱ ሠራተኞች ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ፣ አባቴ ዳር ላይ ቆሞ። ሁሉም ላይ ያለው ናዝሬት ነው። አንድ በአንድ ካየሁ በኋላ፣ እናታቸው የላኩላቸው ደብዳቤ እንደሌለ ጠየቅኳቸው፤ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብትሆንም፣ አዳማ የሚል ብቻ ይኑርባት።

ሣጥኑን እየከደኑ አዩኝ። «እናቴ እኮ መጻፍ አታውቅም ነበር፣ ልጄ» አሉኝና ሻይ እንዲመጣልኝ ወደ ጓዳ ተጣሩ።